የሥራው ውሎ

«የምትወደውን ሥራ ፈልግ» የሚለው ምክር ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሲሰጥ ከባድ ሸክም ነው። ልጁ በቅርብ ያየው ሥራ ከጣቶቹ ቁጥር አይበልጥም፤ ከእነዚህም አንዱ በየቀኑ ፊቱ የሚቆመው የመምህሩ ሥራ ነው። ሌሎቹን የሚያውቃቸው በስም ነው፦ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ጠበቃ፣ አብራሪ፣ የሶፍትዌር ባለሙያ። በስም ብቻ ከሚያውቃቸው ሥራዎች መካከል የሚወደውን እንዲለይ ይጠየቃል። መለየት ሲያቅተው ጉድለቱ የራሱ ይመስለዋል፤ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ጥሪያቸውን አውቀው የተወለዱ፣ እሱ ብቻ የተረሳ ይመስለዋል።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የትምህርት ዘርፍ የሚመረጥበት ወቅት ሲቃረብ ተማሪዎች ከክፍል በኋላ ወደ ቤተ ሙከራው ይመጣሉ። እኔ የመስታወት ዕቃ እያጠብኩ፣ እነሱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፈው እናወራለን። «መምህር፣ ምን እንደምወድ አላውቅም» ይሉኛል፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ቆመን በጥቂት ደቂቃ የማንጨርሰውን ጉዳይ ለእነሱ ብዬ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው ወደድኩ።

ሰው የሥራውን ስም ሳይሆን ውሎውን ነው የሚወደው ብዬ አምናለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እጁ ምን ይነካል? ዓይኑ ምን ላይ ያርፋል? ከማን ጋር ይነጋገራል? ምን ዓይነት ያልተፈታ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል? ፍቅሩም ሆነ ምሬቱ የሚበቅለው እዚያ ላይ ነው። ውሎን ደግሞ ሳይውሉበት ማወቅ አይቻልም።

ይህን ያስተማረኝ ከመምህርነት በፊት የነበረኝ ሥራ ነው። ኬሚስትሪ ያጠናሁት ፋብሪካ ውስጥ ለመሥራት ነበር፤ ሠራሁም። የተቀጠርኩት በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ዋናው ሥራዬ ሳሙናው ውስጥ ሳይዋሐድ የቀረ አልካሊ፣ ማለትም ሳሙና ለመሥራት ከስብ ጋር የሚዋሐደው ቆዳ የሚያቃጥል ንጥር፣ መኖር አለመኖሩን መለካት ነበር። ከምርቱ ናሙና ይወሰዳል፤ በሞቀ አልኮል ይሟሟል፤ ፌኖልፍታሊን የተባለው አመልካች ጠብ ይደረግበታል። ከስቡ ጋር ያልተዋሐደ አልካሊ ካለ ፈሳሹ ሮዝ ይሆናል። ከዚያ መጠኑ የታወቀ አሲድ ከቢዩሬት፣ ልኬት ከተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ጠብታ በጠብታ እየወረደ ሮዙ ቀለም እስኪጠፋ ይጠበቃል። የወረደው አሲድ ልክ የቀረውን አልካሊ ልክ ይነግራል። አልካሊው ከሚፈቀደው ካለፈ ሳሙናው ቆዳ ያቃጥላልና ምርቱ አይወጣም።

ይህንኑ ሥራ ደጋግሞ መሥራት ለብዙ ሰው አሰልቺ ነው። እኔን አልሰለቸኝም። የመጨረሻዋ ጠብታ ወርዳ ቀለሙ ድንገት ሲጠፋ የሚሰማኝ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም ለተማሪዎቼ ሳሳይ ይሰማኛል። ይሁን እንጂ ከቀኑ ውስጥ ሰዓት ሳላይ የሚያልፍልኝ ክፍል ሌላ ነበር፦ አዲስ ሠራተኛ መጥቶ «አሠራሩን አሳዪው» የምባልበት ሰዓት። አንዱ ወጣት በመጀመሪያ ቀኑ «ለምን በውኃ አናሟሟውም? አልኮል ውድ አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳሙና ውኃ ውስጥ ሲገባ በከፊል ከውኃው ጋር ኬሚካላዊ ለውጥ አድርጎ ራሱ አልካሊ ይፈጥራል፤ ስለዚህ እንከን የሌለበት ሳሙና እንኳ አመልካቹን ሮዝ ያደርገዋል፤ መለኪያውም ትርጉም ያጣል። ይህን ለማስረዳት ወረቀት አውጥቼ ሣልኩ፣ ሁለት ብልቃጥ አዘጋጅቼ ልዩነቱን በዓይኑ አሳየሁት። ፊቱ ላይ ነገሩ ሲገባው አየሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ የማስበው ነገ ምን እንደማሳየው ነበር።

መምህርነት በተማሪነቴ ከምመኛቸው ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ያኔ የማውቀው የመምህርነትን ስምና ሰሌዳ ፊት መቆምን ብቻ ነው። ሰው ያልገባውን ነገር ከየት ጀምሮ እንዳልገባው ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚማርክ ያወቅኩት ሌላ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። በዚያው ቤተ ሙከራ አብራኝ የምትሠራ ባልደረባዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምትወደው ሚዛኖቹንና ቴርሞሜትሮቹን ማስተካከል ነበር፤ መሣሪያው ትክክለኛውን እንደሚናገር ሳታረጋግጥ አትቀመጥም። ሌላው ባልደረባችን ቁጭ ብሎ መለካት ያስጨንቀው ነበር፤ ከምርት ክፍሉ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ጉድለቱ ከየትኛው ማብሰያ እንደመጣ ማደን ግን ያረካው ነበር። ሦስታችንም በደመወዝ ወረቀት ላይ «ኬሚስት» ነን። ውሏችን ግን የሦስት የተለያዩ ሰዎች ውሎ ነበር።

ይህን የሚያጠናክር ጥናት አለ። ኤሚ ሬዝኔስኪ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመችው ጥናት 196 ሠራተኞች ሥራቸውን እንዴት እንደሚያዩት ተጠየቁ። አንዳንዱ ሥራውን የደመወዝ ምንጭ ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ አንዳንዱ የዕድገት መሰላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለራሱ ሲል የሚሠራው ጥሪ። ትኩረቴን የሳበው ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው የአስተዳደር ረዳቶች መሆናቸው ነው። እነሱም ቁጥራቸው በሚቀራረብ ሁኔታ ለሦስቱ አመለካከቶች ተከፋፈሉ። ስሙ አንድ ዓይነት በሆነ ሥራ ላይ አንዱ ጥሪውን አገኘ፣ ሌላው የወር ደመወዙን። እንግዲህ ለአንድ ተማሪ «ይህን ዘርፍ ብትመርጥ ትወደዋለህ» ብሎ ማን በእርግጠኝነት ሊነግረው ይችላል?

ከዚህም የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። «ፈልገህ አግኘው» የሚለው አነጋገር ፍቅሩ አንድ ቦታ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ያስመስለዋል። ፖል ኦኪፍ፣ ካሮል ድዌክ እና ግሬግ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ይህ እምነት ምን እንደሚያስከትል አይተዋል። ተሳታፊዎቹ መጀመሪያ ስለ ሕዋ የሚያስደስት ቪዲዮ ተመለከቱ፤ ብዙዎቹም ተማረኩ። ቀጥሎ በዚያው ርዕስ ላይ የተጻፈ አስቸጋሪ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ተሰጣቸው። ፍላጎት በተፈጥሮ የተሰጠና የማይለወጥ ነው የሚለውን አመለካከት የያዙት፣ ፍላጎት እያደገ ይሄዳል ከሚሉት ይልቅ ጉጉታቸው ወደቀ። ይህ በክፍሌ በየዓመቱ የማየው ነው። ኬሚስትሪን የሚወድ ተማሪ የሞል ስሌት፣ ማለትም የአተሞችና የሞለኪውሎች ብዛት የሚሰላበት ትምህርት፣ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ወዲያው «ለካ የእኔ አይደለም» ይላል። ችግሩን የፍቅር ማለቂያ ምልክት አድርጎ ያነበዋል። ችግር ግን የማንኛውም ጥልቅ ነገር መግቢያ በር ነው፤ ሞልን ያለፈ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለው ኬሚስትሪ ሲከፈትለት አይቻለሁ።

ለተማሪዎቼ ከምነግራቸው ታሪኮች ሁሉ የምወደው የእንግሊዛዊው ሳይንቲስት የማይክል ፋራዴይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 ከአንጥረኛ ቤተሰብ ተወለደ፤ መደበኛ ትምህርት እምብዛም አላገኘም። በ14 ዓመቱ ለንደን ውስጥ መጻሕፍት ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባና ሰባት ዓመት ቆየ። ወደዚህ ሥራ የገባው ሳይንስን ስለሚወድ አልነበረም፤ ድሃ ልጅ የሚገባበት ሥራ ስለነበረ ነው። ነገር ግን የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አነበበ፤ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች የጻፈችውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አነበበ። ያነበበውን ለማረጋገጥ አቅሙ በፈቀደው ዕቃ ሙከራ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ የመግቢያ ትኬት ሰጥቶት፣ ታዋቂው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጣቸውን ትምህርቶች ለመከታተል ቻለ። የሰማውን ሁሉ ጻፈ፣ በሥዕል አብራራ፣ ከዚያም በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ተቋም የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥምጥም ውስጥ ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚፈጠር አሳየ፤ ዛሬ አብዛኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚይዘኝ የዝነኛነቱ ክፍል አይደለም። ያ የተጠረዘ ማስታወሻ ነው የሚይዘኝ። ዴቪን ያስደነቀው ነገር ከፊሉ የጠራዥነት ሙያው ፍሬ ነው፦ ጥንቃቄው፣ ንጽሕናው፣ አንድን ነገር ጀምሮ እስከ ልባሱ መጨረስ። ፋራዴይ ያልመረጠውን ሥራ በደንብ ሠራ፤ ያ ሥራ የመረጠውን ሥራ በር ከፈተለት። ዝነኛ ከሆነ በኋላም ለወጣቶች በሚሰጠው ትምህርት ስለ አንዲት የምትነድ ሻማ እየተናገረ ስንት የተፈጥሮ ሕግ እንዳስተማረ ሳስብ፣ እሱም ከማወቅ ይልቅ ማሳወቁን አጥብቆ የሚወድ ሰው ይመስለኛል። ይህ እንኳ የእኔ ስሜት ነው።

የተፈጥሮ ተመራማሪው የቻርልስ ዳርዊንም ታሪክ ከዚህ ይዛመዳል። አባቱ ሐኪም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ሕክምና እንዲማር ወደ ኤዲንብራ ላኩት። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ማየት አልቻለም፤ በ1827 ትምህርቱን ተወ። በትራንስክሪፕት ቢታይ ሁለት ባዶ ዓመታት ናቸው። ነገር ግን እዚያው ከተማ ጆን ኤድመንስተን የተባለ፣ ከጉያና የመጣና ከባርነት ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው የወፎችን ገላ አድርቆ የማቆየት ጥበብ በክፍያ አስተምሮት ነበር። በኋላ በቢግል መርከብ ዓለምን ሲዞር የሰበሰባቸውን ወፎች ሳይበሰብሱ ያቆየው በዚያ ጥበብ ነው። ከኤዲንብራ የቀረለት ትልቅ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲው መርሐ ግብር ውጭ የነበረው ሆነ።

ታዲያ ትምህርት ቤት ለምን ያስፈልጋል? የሚል ተማሪ አለኝ፤ እሱም ልክ ነው፣ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው አዲስ አይደለም። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው ላይ ወጣቶች ሊማሩ ስለሚገባቸው ነገር ሰዎች እንደማይስማሙ ይናገራል፤ ለኑሮ የሚጠቅመውን ይሁን፣ መልካም ምግባርን ይሁን፣ ወይስ ከፍ ያለውን ዕውቀት። በ20ኛው መቶ ዘመን የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሌላ መልስ አመጡ። ቴዎዶር ሹልትዝ እና ጋሪ ቤከር ትምህርትን የሰውን የማምረት አቅም የሚያሳድግ መዋዕለ ንዋይ አድርገው አዩት። ማይክል ስፔንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ዲግሪ ስለ ተመራቂው ችሎታ ለቀጣሪው የሚሰጠው ምልክት ላይ አተኮረ። ሁለቱም የእውነት ድርሻ አላቸው፤ ሥራ ፈላጊ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ላይ ትምህርት የሰውን ስብእና ሙሉ በሙሉ ወደ ማሳደግ እንዲያቀና ሲል፣ በዚያ አንቀጽ ስለ ደመወዝ አንድም ቃል አልጻፈም። ልቤ ወደዚህ ያዘነብላል።

እኔ ትምህርትን የምለካው ልጁ ዝም ብሎ ያልፈው የነበረ ነገር አሁን የሚያስቆመው በመሆኑ ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውኃን፣ ሌላው ጫፍ ስብን እንደሚይዝ የተማረች ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ስትታጠብ የምታየው ነገር አለ። ኬሚስት ላትሆን ትችላለች፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ አይሆኑም። ግን ትኩረቷ የሚያርፍበት አንድ ተጨማሪ ቦታ አገኘች። ታሪክም፣ ሒሳብም፣ ሥነ ጽሑፍም እንዲሁ ያደርጋሉ። ትኩረት የሚያርፍበት ቦታ በበዛ ቁጥር ፍቅር የሚጀምርበት ቦታ ይበዛል። የፊዚክስ ክፍል ሳትገባ ፊዚክስን ልትወድ አትችልም፤ በመጥፎ መምህር የተማረውን ትምህርት ጠልቶ የሚቀር ልጅ ደግሞ የጠላው ትምህርቱን ይሁን መምህሩን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። ስለዚህ የእኛ የመምህራን ኃላፊነት ያስፈራኛል።

ውጤትን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጥንተው ነበር። ከፊሎቹ ሕፃናት «ብትሥሉ ሽልማት ታገኛላችሁ» ተባሉ፤ ሣሉም፣ ተሸለሙም። ከቀናት በኋላ ማንም ሳያዛቸው በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ምንም ያልተነገራቸው ከሣሉበት ጊዜ ግማሽ ያህሉን ብቻ ሣሉ። በደስታ የሚሠሩት ነገር ለክፍያ የሚሠሩት ሆኖባቸው ነበር። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?» እያለ ከተማረ በኋላ «እሺ፣ አሁን የምትወደውን ንገረኝ» ስንለው ዝም ቢል ለምን እንገረማለን? ፈተና አይኑር አልልም፤ እኔም እፈትናለሁ። በየወሩ ግን ውጤት የማይያዝበት አንድ የቤተ ሙከራ ሰዓት አለኝ፤ ተማሪው ራሱ ያመጣውን ጥያቄ ይሞክራል። ማን እንደሚቆይ፣ ማን ሳይጠራ ዕቃ ማጠብ እንደሚጀምር፣ ማን የሌላውን ሙከራ ማስተካከል እንደሚቀናው እዚያ ላይ አያለሁ። የትምህርት ዘርፍ ምርጫ ሲመጣ የምነግራቸው ከዚያ ያየሁትን ነው።

ገንዘብን ችላ የምል እንዳይመስላችሁ። ቤተሰብ የሚጦር፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር ልጅ መጀመሪያ የሚከፍለውን ሥራ መያዙ ክብር ነው። የማይወደውን ሥራ በአግባቡ ሠርቶ፣ የሚወደውን ነገር ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያሳድግ ሰው ሕይወቱ ጎዶሎ አይደለም። «የምትወደውን ካልሠራህ ወድቀሃል» የሚለው ስብከት እነዚህን ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ያዋርዳቸዋል፤ ይህን ስብከት አልቀበለውም። እንዲያውም ትምህርት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይበልጥ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ፤ ቀኑን የወሰደበት ሥራ ሐሳቡንም ጨምሮ እንዳይወስድበት።

ወላጆችም አንዳንዴ ይመጣሉ። «ሕክምና ግቢ» የሚሉት እናት ክፉ አይደሉም፤ እርግጠኛ ያልሆነ ኑሮ ምን እንደሆነ ቀምሰውታል፣ ልጃቸው እንዳትቀምሰው ይፈልጋሉ። እንዲህ ሲሉኝ ከእሳቸው ጋር አልከራከርም። «እሺ እናቴ፣ ከመወሰኗ በፊት ግን ሐኪም አጠገብ አንድ ሙሉ ቀን ትዋል» እላቸዋለሁ። አንዷ ተማሪዬ እንዲህ ውላ ስትመለስ፣ ያስደነቃት የደሙና የመርፌው ነገር እንዳልነበረ ነገረችኝ፤ ሐኪሟ ከታማሚ ጋር ከምታሳልፈው ጊዜ የማያንሰውን በመጻፍ ማሳለፏ ነበር። ልጅቷ መጻፍ ትወዳለች። ሕክምናን መረጠች፤ እናቷም፣ እሷም፣ እኔም ተስማማን፤ በሦስት የተለያዩ ምክንያቶች።

ስለዚህ ዘርፍ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ሥራውን የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። «ሥራህን ትወደዋለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ለእንግዳ የሚመልሰው መልስ አጭር ነው። «ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ምን ሠራህ?» በሉት፤ ሰዓት በሰዓት ይንገራችሁ። ከቀኑ የትኛው ክፍል ቶሎ እንዳለፈለት፣ የትኛው እንዳልገፋ ጠይቁት። ሥራው ላይ ጎበዝ ለመሆን ስንት ዓመት እንደፈጀበትና በእነዚያ ዓመታት ማን እንዳስተማረው ጠይቁት። ሲቻል አብራችሁት ዋሉ፤ ዕቃ አቀብሉት፣ መጥረጊያም ቢሆን ያዙ። ከአንድ ሰው ሰምታችሁ አትወስኑ፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ፈልጉና ትናንት እንዴት እንደዋለ እሱንም ጠይቁት።